ውሃ ወቃጯ

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፤
እኔ ግን ደሞዝ አለኝ፣ ቋሚ ተቀጣሪ ውሃ ወቃጭ።
ሙቀጫዬ ኮምፒውተር፣ ዘነዘናዬ ቀመር፣
ቤቴ አንቶፋጋስታ፣ በረሃና ባሕር የሚላተሙበት ዳር።

ኬሚስት ነኝ፤ ብርጭቆ ግን ሰብሬ አላውቅም፤
ነጭ ካፖርቴ ከምስማሩ ወርዶ አያውቅም።
አክስቴ ኤዱቪና እጄን አሽትታ፣
“ምንም ምንም አይልም” አለችኝ አንድ ማታ።
“ያ ሁሉ ዓመት ትምህርት፣ ያ ሁሉ የአውቶቡስ ሒሳብ፣
የታለ ታዲያ ጣትሽ ላይ የአሲዱ ነጠብጣብ?”

ምን ልበላት?
የማየው አንድ ሊቲየም ነው፤ ጨው ውስጥ የሟሟ፣ ከዓይን የራቀ፣
ብቻውን የማይወጣ፣ አራት ውሃ የታጠቀ፣
እንደ ሙሽራ በአራት ሚዜ ተከቦ፤
ሌላው ውሃ ከውጭ ያጅበዋል፣ ክብ ሠርቶ፣ ተሰብስቦ።
ደጃፉ ጠባብ ነው። ሊሴት የነደፈቻት፣
እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የሞላቻት፣
እስካሁን ማንም ያልጋገራት ድንጋይ ናት፤
ሙሽራው ካልተራቆተ አይገባባት።

እና ማውለቅ ነው ሥራዬ፣ የማውለቂያውን ዋጋ መቁጠር።
አንደኛው ውሃ እሺ ይላል፤ ሁለተኛው ያቅማማል፤
ሦስተኛው ሙጭጭ ይላል።
ኤሌክትሮን በኤሌክትሮን እከራከራለሁ፤
አንዲት ናኖ ሰከንድ ልገፋ ሦስት ሳምንት አድራለሁ።

ሌሊት ይደውላል ኢሳውሮ፣ የማሽኖቹ ዘበኛ፦
“ሥራሽ ተቋርጧል፤ ማቀዝቀዣው ውሃ ጠምቶት፣ ማሽኑ ተኛ።”
ሳቅሁ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ስለ ሳጥኔ ልንገራችሁ።
ስድሳ አራት ውሃ አለበት፤ ግድግዳ የለበትም።
በቀኝ የሾለከው በግራ ተመልሶ ይገባል፤
በጣሪያ የተነነው በወለል ብቅ ይላል።
የሙያችን ደንብ ነው፤ ማጭበርበር አይባልም፤
በዚያች ሳጥን ውስጥ ማንም አይጠማም፣ ምንም አይጎድልም።

ይህንን ለአክስቴ ነገርኳት።
እሷ የምትኖረው ከጨው ሜዳው አፋፍ፣
ኩባንያው የምድርን ሆድ እየቀዳ
በፀሐይ ከሚያሰጣበት ደጃፍ።
ኩሬዋ ዳር ድንጋይ አለ፣ በቀይ ቀለም ያሰመረችበት፤
ውሃው ከመስመሩ ስንት ጣት እንደወረደ በየዓመቱ የምትለካበት።
“አምና ሦስት ነበር” አለችኝ። ፍላሚንጎዎቹ
ራቅ ብለው ቆመዋል፣ ቁርጭምጭሚት በማታርስ ውሃ።
ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፦
“ምነው እንዲህ ያለ ድንበር ለኛም በኖረን፣
በነሱ ቧንቧ የወጣው በኛ ጓሮ በተመለሰልን።”

ላስረዳት ነበር፦ የሊሴት ድንጋይ ከሠራ
ሊቲየሙን ብቻ ለባትሪው ይዞ
ውሃውን ለምድር ይመልሳል፣ ከሠራ፣
ከሠራ።
ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ደርቃ ቀረች።

ሰኔ ላይ ሦስተኛው ውሃ ለቀቀ፤
ተራራ ብለን የሳልነው ጉብታ ሆኖ ደቀቀ።
ሊሴት ጮኸች። ኢሳውሮ ኬክ ገዛ።
እኔ ቁጥሩን ደግሜ ደጋግሜ አሰላሁ፤
ስህተቴ ከደስታዬ እንዳይበልጥ ፈራሁ።

ቅዳሜ በአውቶቡስ ወጣሁ።
አክስቴ ስለ ቁጥሩ አልጠየቀችኝም።
ወደ ድንጋዩ ወሰደችኝና “ለኪ” አለችኝ።
ተንበረከክሁ። ከቀዩ መስመር ቁልቁል
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት።
ከአራተኛው በታች እጄ ውሃ ገባ።

ብድግ ስል ፀሐይዋ ሳትጣደፍ፣ ቀስ ብላ፣
የለበስኩትን ውሃ አወለቀችኝ፣
ምንም ሳታሰላ።
መዳፌ ላይ ነጭ ነገር ቀረ።

አክስቴ እጄን ይዛ አሸተተችው።
“አሁን” አለች፣ “ጨው ጨው ይላል።”